አንድ ሌሊት ባሕር፣ ሦስት ቀን ወደብ

ላኪዋ፦ ጋሼ፣ እስቲ ካርታውን አብረን እንየው። ከጅቡቲ ኤደን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅቡቲ በርበራም ያንኑ ያህል። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ከመሄድ አይበልጥም። ማታ መልሕቋን ያነሳች ትንሽ መርከብ ጎሕ ሲቀድ ማዶ ናት። ይህን ያህል ተቀራርበን ሳለ የኔ ሰሊጥና ሽምብራ ጎረቤቱን ዘሎ ሩቅ ምሥራቅ ይገባል። ማዶ ያለው ነጋዴም እኛ ጋ ያለውን እህል ከሌላ ክፍለ ዓለም ያስመጣል። ይኼ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

መርከበኛው፦ ካርታው የሚያሳይሽ ውኃውን ነው። የጭነት ዋጋ ግን በውኃው ርዝመት አይቆጠርም። ዕድሜዬን የጨረስኩት መርከብ ላይ ነው፤ መርከብ ገንዘብ የሚበላው ሲሄድ ሳይሆን ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ መድኑ፣ የባንክ ወለዱ ቆመም ሄደም ይቆጥራሉ። ሲሄድ የሚጨመረው በዋናነት ነዳጅ ነው። ያንቺን መርከብ እንውሰድ። ከጅቡቲ ኤደን አሥራ ሁለት ሰዓት ትጓዛለች። ተራ ስትጠብቅ፣ ስትጭን፣ ስታራግፍ በሁለቱ ወደቦች በጠቅላላው ሦስት ቀን ቆመች እንበል። ከጊዜዋ ከሰባት እጅ ስድስቱን ቆማ አሳለፈች ማለት ነው። ቻይና የሚሄደው ትልቅ መርከብ ያንኑ ሦስት ቀን ቢቆም፣ በሳምንታት ጉዞ ላይ ስለሚከፋፈል ብዙም አይታወቀውም። የቅርብ መንገድ ወደብ ላይ ለሚባክን ሰዓት ይቅርታ የለውም።

ላኪዋ፦ እንግዲያው የታመመው ወደቡ እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

መርከበኛው፦ አልጨረስኩም። ኮንቴነርሽ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ሲጫን፣ አንዴ ሲራገፍ። ክሬኑ «ይቺ እንኳ ቅርብ ነው የምትሄደው» ብሎ ዋጋ አይቀንስልሽም። የወደብ መግቢያው፣ ፓይለቱ፣ ጎታች መርከቡ፣ የወኪሉ አበል ሁሉ ለ240 ኪሎ ሜትርም ለ10 ሺህ ኪሎ ሜትርም ያው ናቸው። ረጅሙ ጉዞ ብዙ ጭነት ላይ ስለሚያካፍለው ይቀለዋል። ያንቺ መርከብ ትንሽ ናት፤ ሸክሙ በጥቂት ኮንቴነር ላይ ይወድቃል። በአንድ ኮንቴነር ሲሰላ ቅርቡ መንገድ ከሩቁ ሊወደድ የሚችለው ለዚህ ነው።

ላኪዋ፦ ክሬን የማያስፈልገው መርከብም አለ እኮ። ቱርኮቹን ይመልከቷቸው። ወደ አውሮፓ የሚሄደው ተሳቢያቸው በብዛት በዩጎዝላቪያ በኩል ነበር የሚያልፈው። እዚያ ጦርነት ሲነሳ መንገዱ ተቆረጠ። ምን አደረጉ? መኪናውን ከነጭነቱ መርከብ ውስጥ እየነዱ አስገቡትና ከኢስታንቡል ጣሊያን ትሪየስት ድረስ በባሕር አሻገሩት። እ.ኤ.አ. በ1994 የመኪና ባለንብረቶቹ ራሳቸው ተሰባስበው የመርከብ ኩባንያ አቋቋሙ። መንገዱ ሰላም ከሆነ በኋላም ባሕሩን አልተዉትም። መኪናው በራሱ ጎማ ይገባል፣ በራሱ ጎማ ይወጣል። እርስዎ የሚሉት የክሬን ሰዓት እዚያ የለም።

መርከበኛው፦ ሮሮ የሚሉትን ነው የምትይኝ። ጥሩ መርከብ ነው፤ አልክድም። ግን የቱርኩ መኪና ትሪየስት ሲወርድ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ወደ ጀርመን የሚወስድ ያልተቋረጠ አስፋልት አለ፤ ሲመለስ ደግሞ የሚጭነው የጀርመን ዕቃ አለ። የኛ ተሳቢ ኤደን ወርዶ ወዴት ይሄዳል? በጦርነት በተከፋፈለ አገር ውስጥ በማን መድን ይነዳል? ኮሜሳ ውስጥ ቢጫ ካርድ የሚሉት የተሽከርካሪ መድን አለ፤ ጅቡቲ ላይ ይሠራል። ባሕሩን ከተሻገርሽ በኋላ ግን ቢጫው ካርድ ተራ ወረቀት ነው።

ላኪዋ፦ ኤደንን ይተዉት። ጅዳ እንሂድ። ከጅቡቲ ጅዳ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዝግታ የሚሄድ መርከብ ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። የእኛን ከብት የሚበላ ሰፊ ገበያ አለ፤ በሐጅ ሰሞንማ የሚፈለገው በግ ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም።

መርከበኛው፦ ይኼ ይሻላል። ጉዞው ሲረዝም የወደቡ ሰዓት ድርሻ ይቀንሳል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። በግ አራግፎ ሲመለስ ያ መርከብ ምን ይጭናል?

ላኪዋ፦ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ። ሳዑዲ የምታመርተው እሱን ነው፤ አዲስ አበባና አዳማ ያሉ የጆንያና የጀሪካን ፋብሪካዎቻችን የሚጮኹት በእሱ እጥረት ነው።

መርከበኛው፦ በግ በጫነው መርከብ ላይ ነው የምትጭኚው? የከብት መርከብ ገብተሽ አይተሻል? ከላይ እስከ ታች በረት ነው። መኖ ማደያው፣ የውኃ ቧንቧው፣ ፋንድያ ማውረጃው ሁሉ ተበይዶ የተሠራ ነው። እዚያ ላይ ኮንቴነር ማስቀመጥ አይቻልም፤ ጆንያም ቢሆን ማንም አያስጭንሽም። ሄዶ ባዶውን ነው የሚመለሰው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ባዶ መርከብ ግን ግንድም የለውም። ሚዛኑን እንዲጠብቅ የባሕር ውኃ በሆዱ ይሞላና ያንን ተሸክሞ ይመጣል። የዚያን ውኃ የትራንስፖርት ሒሳብ የምትከፍይው አንቺ ነሽ፤ በበጉ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው።

ላኪዋ፦ ይኼን እቀበላለሁ። ስለዚህ በጉ በከብት መርከቡ ይሂድ። እኔ የምለው የሁለቱን አገር ዕቃ ቀን ቆጥራ የምታመላልስ ሌላ ትንሽ መርከብ ትኑር ነው። ስትሄድ ሰሊጥ፣ ሽምብራ፣ ቡና፣ ሥጋ በቀዝቃዛ ኮንቴነር ትይዛለች፤ ስትመለስ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ። ዛሬ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣው ሥጋ ወደ ሳዑዲና ወደ ኤምሬትስ የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። ሥጋ በአውሮፕላን! ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ የአየር ጭነቱ ስንቱን እንደሚወስደው እኔ አውቀዋለሁ።

መርከበኛው፦ አውሮፕላኑ የተመረጠው ሰው ሒሳብ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ማታ የታረደው ነገ ሱቅ ይደርሳል። በባሕር ስትይ ከቄራው እስከ መርከቡ ያለውን ሰንሰለት ቁጠሪው። ኮንቴነሩ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መኪናው ላይ ጄኔሬተር ይኑር፣ ጋላፊ ኬላ ላይ ወረፋ ሲይዝ አይጥፋ፣ ወደቡ ላይ መሰኪያ ይዘጋጅ፣ መርከቧ በቀኗ ትምጣ። ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ ሥጋው ይበላሻል። ሽምብራ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ሽምብራ ነው፤ ሥጋ ግን አይጠብቅሽም።

ላኪዋ፦ አውቃለሁ፤ ከሥጋ በፊት በነፍስ ያሉትን አይቻለሁና። አንድ ጊዜ 600 ፍየል ይዘን የጤና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና የጆሮ ምልክቱ በአንድ አሃዝ ተለያይቶ አራት ቀን አቆሙን። ጥፋቱ የቁጥሩን ወረቀት የጻፈው ሰው ነበር፤ ቅጣቱን ግን ፍየሎቹ ተቀጡ። አራት ቀን በዚያ ሙቀት ፍየል ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይከሳል፣ ይሞታልም። መርከቢቱ ጥላን ሄደች። ባሕሩን አልወቀስኩም ያኔ። ባሕሩማ እዚያ ዝርግት ብሎ ነበር።

መርከበኛው፦ ወደ ነጥቤ መጣሽ። ወረቀቱ ከባሕሩ ይረዝማል። ደግሞም ወረቀቱን የያዘው ገዢው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ? የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳዑዲዋ ጂዛንና በየመን ውስጥ ታየ። ሰው ሞተ፣ ከብት አለቀ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጣውን እንስሳ አገደች። እገዳው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት! አንድ ገዢ ላይ የተንጠለጠለ የመርከብ መስመር እንዲህ ይሆናል። ባለመርከቡ ዘጠኝ ዓመት ወለድ እየከፈለ ይጠብቃል? ላም አለኝ በሰማይ ካልሆነ በቀር።

ላኪዋ፦ የኔ ላም በሰማይ አይደለችም ጋሼ፤ በሶማሌ ክልል ሜዳ ላይ ናት፤ ዛሬም በእግሯ ወደ በርበራ እየሄደች ነው። እገዳው በተነሳ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ከሶማሊያ ወደቦች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች 5 ሚሊዮን ያህል እንስሳት መውጣታቸውን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መዝግቧል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ከእኛ መሬት እንደተነሳ አገር የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ንግዱ ይኑር አይኑር ብለን አንከራከር። ንግዱ አለ። እኛ ስማችን የለበትም። በጉ የኛ፣ ወደቡ የሌላ፣ መርከቡ የሌላ፣ የጤና ወረቀቱ የሌላ፣ ዶላሩም የሌላ። ያ የዘጠኝ ዓመት እገዳ ያስተማረው ነገር ደግሞ አለ። እገዳው ከመጣ ወዲህ ነው ጅቡቲና በርበራ ላይ የእንስሳት ማቆያ ጣቢያዎች የተሠሩት። ጎረቤት ተጣልቶ አይቀርም፤ ሥርዓት አበጅቶ ይመለሳል።

መርከበኛው፦ እዚህ ላይ መለስ በይ። ያ ሁሉ በግ በበርበራ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል? ነጋዴው ኤልሲ የሚባለውን የባንክ የክፍያ ዋስትና አይከፍትም። ባንክ አይሰለፍም። አርብቶ አደሩ ለደላላው ያምናል፣ ደላላው ለላኪው፣ ላኪው ማዶ ላለው ዘመዱ። ገንዘቡም ዕቃ ሆኖ ይመለሳል፤ ሩዝ፣ ስኳር፣ ልብስ። ሳምቡክ የሚባሉት የጭነት ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመት የኖሩት በዚህ ነው፤ የጀልባው አዛዥ፣ ናኹዳው፣ የጭነቱን ባለቤት አባትና አያት ያውቃል። አንቺ ይህንን ንግድ ወደ ባንክ፣ ወደ ጉምሩክ፣ ወደ ዲክላራሲዮን ላምጣው ስትይ ርካሽ ያደረገውን ነገር እያወጣሽበት ነው። ከዚያ ደግሞ ለምን ተወደደ ትያለሽ።

ላኪዋ፦ መተማመኑ ርካሽ እንዳደረገው እውነት ነው። ግን መተማመን ቀዝቃዛ ኮንቴነር አይገዛም። ዘመድ የሌለው ሰው በዚያ ንግድ ውስጥ ምን ቦታ አለው? እኔ በርበራ ላይ አጎት የለኝም። የጉጂ ወይም የቦረና ወጣት ማኅበር አቋቁሞ ልላክ ቢል ማን ያምነዋል? እኔ ወረቀት የምለው ዘመድ ለሌለው ሰው ዘመድ እንዲሆነው ነው። ደግሞም ወረቀት ሁሉ አያከብድም። ሕንድና ባንግላዴሽን ይውሰዱ። ድንበር ለድንበር ተያይዘው የአንዱ ኮንቴነር ሌላው ጋ ለመድረስ ኮሎምቦ ወይም ሲንጋፖር ዞሮ ይመጣ ነበር። በየብስ ያለው በር ደግሞ፣ ፔትራፖልና ቤናፖል ላይ፣ በመኪና ሰልፍ የታፈነ። እ.ኤ.አ. በጁን 2015 ዳካ ላይ አንድ ስምምነት ፈረሙ። ዋናው ነገሩ ምን መሰልዎት? የጎረቤቴን መርከብ ወደብ ላይ እንደ አገሬ መርከብ አስከፍላለሁ የሚል ነው። በማርች 2016 የመጀመሪያዋ መርከብ ከቺታጎንግ ተነስታ ሕንድ ክሪሽናፓትናም ገባች። አዲስ ወደብ አልሠሩም። አንድ ደንብ ነው የቀየሩት።

መርከበኛው፦ ምሳሌሽ ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉውን ንገሪኝ። ከስምምነቱ በኋላም ከሁለቱ አገሮች ንግድ ትልቅ ድርሻ ያለው በዚያው በታፈነው የየብስ በር ነበር የሚያልፈው። በወንዝ መስመራቸው ከሚጓዘው ጭነት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለሲሚንቶ የሚሆን የድንጋይ ከሰል አመድ ነው፤ ከሕንድ ወደ ባንግላዴሽ። መርከቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው የሚመለሱት። ደንቡ በሩን ከፈተ እንጂ ጭነት አልወለደም። ከዚያም የሚበልጥ ልዩነት አለ። እነሱ ሁለቱም ጠረፍ አላቸው፤ ሁለት ፊርማ ይበቃቸዋል። አንቺ ከጅዳ ጋር ለመነገድ ሦስት ፊርማ ትፈልጊያለሽ። የራስሽ፣ የገዢሽ፣ በመሃል ደግሞ የጅቡቲ። መሃል ላይ ያለው ሰው ሲያመው አንቺም ታሚያለሽ።

ላኪዋ፦ ጅቡቲ ጠላቴ አይደለችም።

መርከበኛው፦ ጠላት አላልኩም። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ እኔ አሰብን ለመጨረሻ ጊዜ ካዩት መርከበኞች አንዱ ነኝ። በአንድ ጊዜ ጓዛችንን ጠቅልለን ጅቡቲ ስንገባ የተቀበሉን እነሱ ናቸው። ውለታውን አልረሳም። ግን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ክሬን ባነሳ ቁጥር ከእኛ ካዝና ዶላር ይወጣል። ሽምብራሽን ከሞጆ ጅቡቲ ለማድረስ፣ ጅቡቲ ላይ ለማስጫን፣ ጅዳ ላይ ለማራገፍ ከከፈልሽ በኋላ ለገበሬው ምን ተረፈ? እሱን አስልተሽ አምጪልኝ።

ላኪዋ፦ አስልቼዋለሁ፤ ለዚያ ነው የመልሱን ጭነት አጥብቄ የያዝኩት። ስትመለስ የተሞላች መርከብ የመሄጃውን ዋጋ ብዙ ታወርደዋለች። ደግሞ አንድ ነገር እየረሱ ነው። ከጅቡቲ ወደ አገር ቤት ተሞልተው የገቡት ኮንቴነሮች ከምንልከው ስለሚበልጡ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው የሚወርዱት። ባቡሩም ባዶ ይወርዳል፣ መኪናውም እንዲሁ። ያ ባዶ ኮንቴነር እኮ ተከፍሎበታል! የመሄጃው የየብስ ዋጋ ለኔ ርካሽ መሆን ነበረበት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሞጆ አንስቶ ወደቡ በር ላይ ነው የሚጥለኝ። የጎደለው ወደቡ ላይ ስደርስ የምትጠብቀኝ ቀኗ የታወቀ መርከብ ናት።

መርከበኛው፦ ቀኗ የታወቀ ስትይ፣ ቀይ ባሕር ላይ ቀን መቁጠር የቀረው መቼ እንደሆነ ልንገርሽ። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ሁቲዎች «ጋላክሲ ሊደር»ን በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ «ሩቢማር» ሰጠመች። በሐምሌ 2017 ግድም ደግሞ «ማጂክ ሲስ» እና «ኢተርኒቲ ሲ» በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ባሕር ግርጌ ወረዱ። በዚያ ወቅት ትልልቆቹ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ መዞር መረጡ። ጅዳ ለመድረስ በባብ ኤል መንደብ ማለፍሽ ግድ ነው፤ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ በር ነው። ለዚያች ለትንሿ መርከብሽ የጦርነት መድን የሚሸጥልሽ ማነው? በስንትስ?

ላኪዋ፦ የፈሩት ትልልቆቹ ናቸው። በእነዚያ ዓመታትም ለሐጅ በግ ተጭኗል። በሁቲዎች እጅ ላሉት የየመን ወደቦች የሚሄዱ መርከቦችንም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ፈታሾች ከጅቡቲ ሆነው ሲፈትሹ ነበር። ሩቁ ሲሸሽ የሚቀረው ጎረቤት ነው። ካፒቴኑ አካባቢውን ያውቃል፣ ነዳጁ ለጥቂት ሌሊት ብቻ ነው፣ ነገሩ ከከፋ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአፍሪካ ዙሪያ የሚዞረው መርከብ ዘይትና ዱቄት ለእኛ አስወደደብን፤ ያኔ ማዶ ካለው ገበያ ጋር የተሠራ መስመር ቢኖረን ኖሮ ሁሉም ነገር ከሩቅ አይጠበቅም ነበር።

መርከበኛው፦ የምግብ ዘይትና ዱቄት ከየመንም ከሳዑዲም አትጠብቂ። ራሳቸው አብዛኛውን ከውጭ ነው የሚያስገቡት።

ላኪዋ፦ ልክ ነዎት። ዱቄቱን አነሳሁት። ፕላስቲኩን ግን አልለቅም። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ልበልዎ። በዚህ ባሕር ላይ ጦርነት ያላቋረጠው፣ መድን ያልጠየቀ አንድ መስመር አለ። ከኦቦክ ጠረፍ የሚነሳው። የሚጭነውም የኛን ልጆች ነው። ሐምሌ 2017 መጨረሻ ላይ በየመን አብያን ጠረፍ ጀልባ ተገልብጦ ስንቶቹ እንዳለቁ ሰምተዋል።

መርከበኛው፦ ሰምቻለሁ። ከመስማትም በፊት አይቻለሁ። አንድ ሌሊት ባብ ኤል መንደብን ስናልፍ ዋርድያ ላይ ነበርኩ። ራዳሩ ላይ አንዲት ነጥብ መጣች፤ መብራት የላትም። ስንቀርብ የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታየው፤ ጀልባይቱ ራሷ አትታይም። ውኃው ከአፏ እኩል ነበር። ቋንቋቸውን ሰማሁት፤ አማርኛም ኦሮምኛም። ያንን ለንግድ ክርክር ማንሳትሽ ደስ አላለኝም። እነዚያ ልጆች የሚሄዱት የሽምብራ መርከብ ስለሌለ አይደለም።

ላኪዋ፦ ለመርታት ብዬ አይደለም ያነሳሁት። ከወሎና ከአርሲ ከወጡት ውስጥ አንዳንዶቹ የኔን በግ ያጓጉዙ የነበሩ ልጆች ናቸው። ፍየሎቹ አራት ቀን ቆመው ያለቁ ጊዜ ደመወዛቸውን መክፈል አልቻልኩም። ከእነዚያ መካከል ሁለቱ ሄዱ። አንዱ ጅዳ ደርሶ ይደውልልኛል። ስለ ሁለተኛው የሰማሁት ነገር የለም። አንድ መርከብ በቀኗ ብትመጣ ሁሉም ይቀራሉ አልልም። እኔ የማውቀው ያ ጭነት ቢሄድ ኖሮ የእነዚያን የሁለቱን ደመወዝ እከፍል እንደነበር ነው።

መርከበኛው፦ …እሺ ልጄ። እንግዲያው ቁም ነገሩን እንነጋገር። አገሩ ሁሉ ወደብ ወደብ ይላል። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ በዓመቱ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር መግለጫ ወጣ። የባሕር በር ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው፤ እኔ ባሕር ላይ የኖርኩት ሰው አልቃወመውም። ነገር ግን ወደብ ኖሮን በነበረ ጊዜም፣ አሰብ እጃችን ላይ ሳለ፣ ከጎረቤት ጋር በትንሽ መርከብ የመነገድ ሥርዓት አላበጀንም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የመርከብ ድርጅታችን ከመጀመሪያውም ዓይኑ ሩቅ ነበር፤ አውሮፓ፣ በኋላም ቻይና። ከዓመታት በፊት ከቻይና የገዛናቸው ዘጠኝ መርከቦች ውስጥ ሰባቱ የደረቅ ጭነት መርከቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 28 ሺህ ቶን ያህል የሚይዙ። የሚያኮሩ መርከቦች ናቸው። ግን ያንን የሚያህል መርከብ ለአንድ ሌሊት ጉዞ ማሰማራት፣ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ እንደ መከራየት ነው። አንቺ የምትፈልጊው ሦስት ሺህ ቶን የምትጭን፣ የራሷ ክሬን ያላት፣ በአንድ ቀን ተኩል ጭና አራግፋ የምትወጣ መርከብ ነው።

ላኪዋ፦ አሁን ተስማማን።

መርከበኛው፦ አልተስማማንም። የመጨረሻውና ከባዱ ጥያቄ ገና አልተነሳም። መርከቢቱ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ ትነሳለች ብለሽ ካስነገርሽ፣ ግማሽ ሞልታም ሐሙስ ማታ መነሳት አለባት። ካልተነሳች በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያምናትም። ከተነሳች ደግሞ ትከስራለች። ነጋዴው «መርከቧ መቆየቷን ልይ» ብሎ ይጠብቃል፤ መርከቧ «ነጋዴው ይምጣ» ብላ ትጠብቃለች። የቅርብ መስመር ሁሉ የሚሞተው በዚህ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ያንን ኪሳራ የሚሸከመው ማነው? መንግሥት ከሆነ የትኛው በጀት ነው? የግል ባለሀብት ከሆነ ምን አይቶ? ጅቡቲ ከሆነች ለምን ብላ?

ላኪዋ፦ ሦስቱም በየድርሻቸው። ጅቡቲ ለትንሽ መርከብ የወደብ ክፍያዋን ትቀንስ፤ ዛሬ ከማይመጣ መርከብ የምታገኘው ዜሮ ነው። መንግሥት የገንዘብ ድጎማ ባይሰጥ እንኳ ከጎረቤት የምገዛውን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ በዚያች መርከብ ብጭን ምንዛሪው ቅድሚያ ይሰጠኝ። እኛ ላኪዎች ደግሞ እንደ ቱርኮቹ ባለመኪናዎች እንሰባሰብና የቦታውን ግማሽ ለዓመት አስቀድመን እንግዛ፤ ጫንንም አልጫንንም እንክፈል።

መርከበኛው፦ ጫንሽም አልጫንሽም ትከፍያለሽ? ፍየሎችሽ ማቆያ ጣቢያ ውስጥ የቀሩ ሳምንትም?

ላኪዋ፦ ያ ሳምንት ይከብደኛል። ብቻዬን ከሆንኩ አልችለውም። አሥራ አምስት ሆነን ከሆነ እንችለዋለን።

መርከበኛው፦ አሥራ አምስቱን ታውቂያቸዋለሽ?

ላኪዋ፦ ስድስቱን አውቃለሁ።

መርከበኛው፦ እንግዲያው ስድስታችሁ ተቀምጣችሁ ዘጠኙን ፈልጉ። ወደቡን የያዙትን ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለምኗቸው፤ ማራገፊያው በሌሊት ፈረቃ ይሥራላችሁ። የወረቀቱ ምርመራም መርከቧ ከመድረሷ በፊት ይለቅ። እነዚህ ሁለቱ ከተሳኩ ሦስቱ ቀን አንድ ቀን ተኩል ይሆናል፤ ሒሳቡም ይገጥማል። ካልተሳኩ ግን ባሕሩ 240 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 24 ኪሎ ሜትርም ቢሆን፣ መርከብ እንዳትከራዩ። ዘጠኙን ያገኛችሁ ዕለት ደውዪልኝ። መርከቧን አብሬሽ አያለሁ።